የሕይወት ታሪክ ቴአትር ምንድን ነው? ሰርፈሮች መድረክ ላይ ሲወጡ

የሕይወት ታሪክ ቴአትር በእውን የኖረን ሰው ሕይወት በመድረክ የሚያሳይ ድራማ ነው። ክስተቱ ከታሪክ ይወሰዳል፤ ንግግሩን ግን አብዛኛውን ጊዜ ደራሲው ነው የሚፈጥረው። አንዳንዴ ብዙ ተዋንያን ይሳተፉበታል። አንዳንዴ ደግሞ አንድ ተዋናይ ባለታሪኩንም፣ እናቱንም፣ ባላንጣውንም ሆኖ ብቻውን ይጫወተዋል።

ባለታሪኩ ንጉሥ ወይም ገጣሚ ከሆነ ሥራው ይቀላል፤ አፉን ሲከፍት ድራማው ይጀምራል። ሰርፈር ሲሆንስ? በሰርፍቦርድ ቆሞ የባሕር ሞገድ የሚጋልብን ሰው፣ ጠብታ ውሃ በሌለበት አዳራሽ እንዴት ያሳዩታል?

ውሃው እንደሚፈራው አይከብድም። ጨርቅ፣ መብራት፣ ከበሮና ጉልበቱን አጠፍ ያደረገ ተዋናይ ይበቃሉ። ሃዋይ ውስጥ የአገሬውን ገዥ አለቆች የሰርፊንግ ጀብዱ በዜማ መተረክ የቆየ ባህል ስለሆነ፣ ድምፅ ብቻውን ሞገድ ሊሆን ይችላል። ከኋላ ትልቅ ስክሪን ሰቅሎ የባሕር ቪዲዮ መልቀቅ ግን ለእኔ ስንፍና ነው። ተመልካቹ ተዋናዩን ትቶ ቪዲዮውን ያያል።

ከባዱ ነገር ሌላ ነው። አንድ ሞገድ በሰከንዶች ያልቃል፤ ቴአትር ደግሞ ውሳኔና ግጭት ይፈልጋል።

የሃዋዩን ሰርፈር ኤዲ አይካውን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1968 በሃዋይ ኦዋሁ ደሴት ዋይሜአ ቤይ በተባለው የባሕር ዳርቻ የመጀመሪያው ነፍስ አድን ሠራተኛ ሆነ። ሌላው የሚሸሸውን ግዙፍ ሞገድ እየገባበት ብዙ ሰው አትርፏል። በመጋቢት 1978 ሆኩሌአ በተባለችው ባህላዊ ጀልባ ወደ ታሂቲ ጉዞ ጀመረ። ጀልባዋ ግን ሌሊት ተገለበጠች። በማግስቱ ኤዲ እርዳታ ሊያመጣ በሰርፍቦርዱ እየቀዘፈ ወደ ላናይ ደሴት አመራ። ጓደኞቹ ከሰዓታት በኋላ ተረፉ። እሱ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየ የለም። ደራሲው እዚህ ላይ ይፈተናል። የመጨረሻ ኑዛዜ ፈጥሮ በኤዲ አፍ ማስገባት ይችላል፤ ተመልካች ያለቅሳል፣ ይጨበጨባል። ግን ውሸት ነው። መድረኩ ከተገለበጠችው ጀልባ ጋር ቢቀር ይሻላል። የሄደውን ሳይሆን የቀሩትን እንስማ፤ ለምን እንደፈቀዱለት፣ ማን ሊያስቀረው እንደፈለገ ይከራከሩ። ንግግሩ ልብ ወለድ ቢሆንም የቆሙበት ቦታ እውነት ነው።

የሌላው የሃዋይ ሰርፈርና ዋናተኛ፣ የዱክ ካሃናሞኩ ችግር ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ሕይወቱ በዝቶ ሞልቷል። በ1912 ስቶክሆልም ላይ በ100 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ዋና የኦሎምፒክ ወርቅ አገኘ፤ በ1920 አንትወርፕ ላይ ደገመው። በ1924 ፓሪስ ላይ በጆኒ ዋይስሙለር ተቀድሞ ብር ሲወስድ፣ ነሐሱን የወሰደው የገዛ ወንድሙ ሳም ነበር። በእነዚህ ዓመታት መካከል ወደ አውስትራሊያ ሄዶ ሰርፊንግ አሳይቷል። ሆሊውድም ገብቷል፤ ለዓመታት የሆኖሉሉ ሸሪፍም ሆኗል። ይህን ሁሉ በቅደም ተከተል መደርደር ቴአትሩን የሥራ ልምድ ማስረጃ ያደርገዋል።

እኔ ብሆን አንድ ቀን እመርጣለሁ። በሰኔ 1925 ካሊፎርኒያ ውስጥ ቴልማ የተባለች ጀልባ በማዕበል ስትገለበጥ፣ ዱክ በሰርፍቦርዱ እየተመላለሰ 8 ሰዎችን አተረፈ። በእያንዳንዱ ምልልስ መሃል ወደ ኋላ መሄድ ይቻላል፤ አንዴ ስቶክሆልም፣ አንዴ ፓሪስ። ሸሪፍነቱን ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል።