የዮዳሄ ሣጥንና የነገው ካህን

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣

ንግሥ ባለፈ ማግስት በየደጀ ሰላሙ የሚሰማ ሐሜት አለ፦ «ያ ሁሉ ገንዘብ የት ገባ?» አንዳንዴ በእርግጥ የተሰረቀ ነገር ይኖራል። ብዙ ጊዜ ግን ገንዘቡ ለተገቢው ነገር ወጥቶ፣ ለምን እንደወጣ የሚያስረዳ ደረሰኝ ይጠፋል። ዜማውን፣ ቅኔውን፣ ትርጓሜውን ለዓመታት የተማረ ደቀ መዝሙር ደብር እንዲያስተዳድር ሲሾም፣ የቆጠራ ቅጽ በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ሳናስተምር ልከነው ሲሳሳት «ሌባ» እንለዋለን። ይህ በደል የእርሱ ብቻ ነውን?

2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 12ን አንብቡልኝ። በንጉሥ ኢዮአስ ዘመን ካህናቱ ገንዘቡን እየተቀበሉ እስከ 23ኛው ዓመት ድረስ ከቤተ መቅደሱ የፈረሰውን አልጠገኑም። ካህኑ ዮዳሄ ሣጥን ወስዶ መክደኛውን ነደለ፤ በመሠዊያው አጠገብ፣ ሰው ሲገባ በስተ ቀኝ በኩል አኖረው። ሣጥኑ ሲሞላ የንጉሡ ጸሐፊና ታላቁ ካህን መጥተው አብረው ይቆጥሩታል፤ በከረጢትም ያስሩታል። ዮዳሄ እኮ ስለ ደግነቱ ከነገሥታት ጋር የተቀበረ ሰው ነው! እርሱ እንኳ ብቻውን አልቆጠረም።

ይህን በቃል ብቻ ማስተማር አይበቃም። ደቀ መዛሙርቱ ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጡ፤ የተደባለቀ የመለማመጃ ብር ያለበት ሙዳየ ምጽዋት ይቅረብላቸው። ሙዳዩ አብረው ካልሆኑ የማይከፍቱት ሁለት የተለያየ ቁልፍ ይኑረው፤ አንዱ በገንዘብ ያዡ፣ ሌላው በሰበካ ጉባኤው የምእመናን ተወካይ እጅ። አንዱ ብሩን በየዓይነቱ ይለያል፣ ሁለተኛው ይቆጥራል፣ ሦስተኛው ደግሞ ቆጥሮ ይጽፋል፦ ባለ 200 ብር 37፣ ባለ 100 ብር 64፣ ባለ 50 ብር 58፣ ባለ 10 ብር 143፣ ባለ 5 ብር 62፣ የ1 ብር ሳንቲም 215፤ ድምሩ 18,655 ብር። ሦስቱም ሳይፈርሙ ከጠረጴዛው አይነሡ። አንዱ 18,655፣ ሌላው 18,565 ቢል ልዩነቱ 90 ነው። ልዩነት ለ9 ያለ ቀሪ ሲካፈል መጀመሪያ የሚፈተሸው ቁጥሮች ቦታ ተቀያይረው እንደሆነ ነው። ይህን ያልተማረ ወንድሙን ይጠረጥራል፤ ስንት ፍቅር በዚህ ፈርሷል!

የተቆጠረው ሳይነካ በማግስቱ ባንክ ይግባ። «ለጧፍና ለዕጣን» ተብሎ ከሙዳዩ 500 ብር ከተነሣ፣ ቅጹና የባንኩ ደረሰኝ ዳግመኛ አይገናኙም። ለጥቃቅን ወጪ ለብቻው 3,000 ብር ይመደብ፤ በማንኛውም ሰዓት በሣጥን ያለው ጥሬ ገንዘብና የወጪ ደረሰኙ ሲደመር 3,000 ይምጣ። 1,150 ብር በእጅ ካለ፣ የ1,850 ብር ደረሰኝ መኖር አለበት። ገንዘብ ያዡ መዝገቡን አይጻፍ፤ ሒሳብ ሹሙም ገንዘቡን አይያዝ። በየወሩ መዝገቡ ከባንኩ መግለጫ ጋር ይመሳከር።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ይህ ነው፦ አንዲት እናት መቀነቷን ፈትታ «ለሕንፃው» ብላ የሰጠችው ገንዘብ በክረምት፣ ሙዳዩ ሲሳሳ፣ ለደመወዝ ይወጣል። «ኋላ እንመልሰዋለን» ይባላል፤ ቃለ ጉባኤ አልተያዘም፣ የሚመለስበት ቀን አልተጻፈም፤ አይመለስም። ስለት የእግዚአብሔር ነው፤ የተሰጠበትን ዓላማ መለወጥ ለአስተዳዳሪ አልተፈቀደለትም። ለሕንፃ የተሰጠ የራሱ የባንክ ሒሳብ ይኑረው፤ የክረምቱ ደመወዝም በንግሥ ከሚገባው መደበኛ ገቢ ላይ አስቀድሞ ይቀመጥ።

ቅዱስ ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ 8 ስለ ለጋሱ ስጦታ ማንም እንዳይነቅፈን እንጠነቀቃለን ይላል፤ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካሙን ያስባል። ሐዋርያ ሳለ «እመኑኝ» ብሎ አላለፈም።

ሳትማሩ የተሾማችሁ አባቶቼ፣ አትፈሩ፤ ይህ ከድጓ ዜማ አይከብድም። የሙዳዩ ቁልፍ በስንት ሰው እጅ እንዳለ ዛሬውኑ ጠይቁ። በአንድ ሰው እጅ ብቻ ከሆነ፣ ከመጪው ቆጠራ በፊት ሁለተኛ ቁልፍ አስገጥሙ።