ስሱ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎችን ከስታቲክ ኤሌክትሪክ መጠበቅ

ስታቲክ ኤሌክትሪክ በአንድ ነገር ላይ ተጠራቅሞ የተቀመጠ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው። ሁለት ነገሮች ተነካክተው ሲለያዩ ይፈጠራል። በበጋ ማታ ሹራብ ስናወልቅ የሚንጣጣው፣ ከመኪና ወርደን በሩን ስንነካ ቆንጠጥ የሚያደርገን እሱ ነው። የተጠራቀመው ቻርጅ በቅጽበት ወደ ሌላ ነገር ሲዘል ባለሙያዎች ኢኤስዲ ይሉታል። ሰውን ብዙውን ጊዜ ከማስደንገጥ አያልፍም። አይሲን (ብዙ ጥቃቅን ትራንዚስተሮች የታጨቁበትን ቺፕ)፣ ሜሞሪን፣ የሞባይል ቦርድን ግን ሊገድል ይችላል። የአገራችን የሞባይልና የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያዎች ብዙዎቹ ሥራውን ከእጅ ወደ እጅ የተማሩ፣ በትንሽ መሣሪያ ብዙ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ነገሩ በአማርኛ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ቢገኝ ይጠቅማቸዋል።

የጥንት ግሪኮች አምበር (ደርቆ የጠጠረ የዛፍ ሙጫ) ሲታሽ ብናኝና ገለባ እንደሚስብ ያውቁ ነበር። ለኤሌክትሮኒክስ ራስ ምታት የሆነው ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው። የድሮው ራዲዮ በቫኪዩም ቲዩብ፣ ማለትም አየሩ በወጣለት የመስታወት ቱቦ፣ ስለሚሠራ ስታቲክ ብዙም አይነካውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 በአሜሪካው ቤል ላብስ መሐመድ አታላ እና ዳዎን ካንግ ሞስፌት የተባለውን ትራንዚስተር (ኤሌክትሪክን የሚከፍትና የሚዘጋ ጥቃቅን ዕቃ) ሠሩ። አታላ የግብፅ ፖርት ሰኢድ ተወላጅ ነው። የዛሬው ስልክና ኮምፒውተር የቆመበት ዕቃ አንዱ አባት የአፍሪካ ልጅ መሆኑ ሊነገር ይገባል።

ችግሩም ከዚሁ ዕቃ ጋር መጣ። ሞስፌት ጌት ከሚባለው ክፍሉ ሥር እጅግ ስስ የሲሊኮን ኦክሳይድ ንጣፍ አለው። ንጣፉ በግምት ለአንድ ናኖሜትር (የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ) ውፍረት አንድ ቮልት ይችላል። ስለዚህ 100 ናኖሜትር ውፍረት ያለው 100 ቮልት አካባቢ ላይ ይበሳል። በዘመኑ ቺፖች ውስጥ ያለው ንጣፍ ደግሞ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ነው። አምራቾች በየቺፑ እግር ላይ መከላከያ ዳዮድ የሚያስገቡት ለዚህ ነው፤ ዳዮዱም ቢሆን የሚችለው ልክ አለው።

ችግሩን ለመከላከል ከተደረገው ጥረት ከሁሉ በደንብ ተመዝግቦ የተቀመጠው የአሜሪካ ወታደራዊ ተቋማትና የኢንዱስትሪው ሥራ ነው። የመጀመሪያው ዓመታዊ የኢኤስዲ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1979 ተካሄደ። በ1980 የመከላከያ ሚኒስቴሩ 1686 የተባለውን ደረጃና መመሪያ መጽሐፉን አወጣ። በ1982 የኢኤስዲ ማኅበር ተመሠረተ። ማኅበሩ በ1999 ያወጣው ኤስ 20.20 የተባለ ደረጃ ወታደራዊውን ተክቶ ዛሬ በብዙ አገር ፋብሪካዎች ይሠራበታል። የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን 61340-5-1 የሚለው ደረጃም ይቀራረበዋል።

የ1980ው መመሪያ አንድ ሠንጠረዥ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። አየሩ ደረቅ ሲሆን፣ ማለትም እርጥበቱ ከ10 እስከ 20 በመቶ ሲሆን፣ ምንጣፍ ላይ የሚራመድ ሰው እስከ 35,000 ቮልት ሊሸከም ይችላል ይላል። እርጥበቱ ከ65 በመቶ ሲያልፍ ይኸው ቁጥር ወደ 1,500 ይወርዳል። በቪኒል ወለል ላይ 12,000 የነበረው 250 ይሆናል። ተራ የፕላስቲክ ከረጢት ከጠረጴዛ ላይ ማንሳት ብቻ በደረቅ አየር 20,000 ቮልት ይፈጥራል። እነዚህ የላይኛ ጣሪያዎች ናቸው፤ ጫማው፣ ወለሉና ልብሱ ይወስናሉ። ያም ሆኖ ሰው ንዝረቱ የሚሰማው 3,000 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ነው። በ100 ቮልት የሚበላሽ ዕቃ የያዘ ሰው ገድሎት ምንም ሳይሰማው ሊቀር ይችላል ማለት ነው። «እኔን አልነዘረኝም» የሚለው መከራከሪያ የማይሠራው ለዚህ ነው።

ቺፖች ሲፈተኑ የሰው አካል በ100 ፒኮፋራድ ካፓሲተርና በ1,500 ኦም ሬዚስተር ይወከላል። ለረጅም ጊዜ አንድ ቺፕ በዚህ ፈተና 2,000 ቮልት እንዲችል ይጠበቅ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ የአምራቾቹ ምክር ቤት ቁጥጥር ባለበት ፋብሪካ 1,000 ይበቃል ይላል። ሌላው ፈተና ዕቃው ራሱ ቻርጅ ይዞ ብረት ሲነካ የሚሆነውን ይለካል። ሥራው በማሽን በሚከናወንባቸው ፋብሪካዎች ከሰው እጅ ይልቅ የሚያሳስበው ይህኛው ነው።

ስታቲክ ያገኘው ዕቃ አንዳንዴ ወዲያው ይሞታል፤ አንዳንዴ ምንም አይሆንም። የሚያከራክረው ቆስሎ መሥራቱን ቀጥሎ ከወራት በኋላ ይሞታል የሚባለው ነው። በላቦራቶሪ እንዲህ ያለ ጉዳት ታይቷል። በገሃዱ ዓለም ከሚታየው ብልሽት ምን ያህሉ ከዚህ እንደሚመጣ ግን ባለሙያዎች አልተስማሙም።

መከላከሉ አንድ ሐሳብ ላይ ያርፋል፦ ሠራተኛው፣ ጠረጴዛውና ዕቃው እኩል ቮልቴጅ ላይ ይሁኑ። በመካከላቸው ልዩነት ከሌለ የሚዘል ነገር የለም። ብዙ ሰው ግን በተቃራኒው ያስባል። ከመስመር ኤሌክትሪክ የሚጠብቀን የላስቲክ ጫማ ከስታቲክም የሚጠብቅ ይመስለዋል። የላስቲክ ጫማ ቻርጁን ሰውነታችን ላይ አግቶ ስለሚያስቀር ነገሩን ያባብሰዋል።

ዋናው መሣሪያ የእጅ ማሰሪያው ነው። ማሰሪያው በሽቦ ከግራውንድ፣ ማለትም ከመሬት፣ ጋር ይገናኛል። ሽቦው ውስጥ የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገድብ 1 ሜጋኦም ሬዚስተር አለ። ሰውየው በስህተት 220 ቮልት ቢነካ በማሰሪያው በኩል የሚያልፈውን ከሩብ ሚሊአምፒር በታች ያደርገዋል። ስለዚህ ባዶ ሽቦ እጅ ላይ ጠምጥሞ መሥራት በሕይወት መቀለድ ነው። መስመር ላይ የተሰካ የፓወር ሰፕላይ ወይም የድሮ ቴሌቪዥን ሲከፈት ደግሞ ማሰሪያው መውለቅ አለበት።

ፕላስቲክን ግን ግራውንድ ማድረግ አይቻልም፤ ቻርጁ ባለበት ይቀመጣል። ፌስታል፣ ስታይሮፎም፣ ስኮችና የፕላስቲክ ኩባያ ከሥራ ጠረጴዛ ይራቁ፤ ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር። የግድ የሚያስፈልግ ፕላስቲክ ካለ አዮን የሚነፋ ማራገቢያ ቻርጁን ያጠፋዋል። ሜሞሪ በፌስታል ጠቅልሎ መላክ በጣም የተለመደ ነው፤ በጣም ከከፉት ማሸጊያዎች አንዱም እሱ ነው። ለኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ማሸጊያ የሚሠራው ሮዝ ቀለም ያለው ከረጢት ራሱ ቻርጅ አይፈጥርም፤ ከውጭ የሚመጣውን ግን አያግድም። የሚያግደው ብርማው ነው፤ ውስጡ ስስ ብረት ስላለው። የሚያግደውም አፉ ተዘግቶ ዕቃው ውስጡ ሲሆን ነው። ከላዩ ላይ ቦርድ አስቀምጦ ማብራት ጥበቃ አይሰጥም፤ ሾርት ሊያደርግም ይችላል።

በአዲስ አበባና በሌሎች ደጋ ከተሞች ጥንቃቄው በይበልጥ የሚያስፈልገው በበጋ ነው፤ አየሩ ይደርቃል። በክረምት ይሻላል፤ ቢሆንም እርጥበት የግራውንድን ቦታ አይተካም። በብዙ ቤትና ሱቅ ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ ቢኖረውም ሦስተኛው ሽቦ ከመሬት ጋር አይገናኝም። ይህን በኤሌክትሪሺያን ማስፈተሽና የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ ማስቀበር ከሁሉ ይቀድማል። እስከዚያው ማሰሪያውን፣ ጠረጴዛው ላይ የሚነጠፈውን የፀረ-ስታቲክ ምንጣፍና ከመስመር የተነቀለውን ኮምፒውተር ብረት አንድ ላይ ማገናኘት ይቻላል። መሬት ባይነኩም እርስ በርስ እኩል ይሆናሉ።

ማሰሪያው ራሱም በየቀኑ ይፈተሻል። በኤስ 20.20 መሠረት ሰውየው ከነማሰሪያው ሲለካ ከ35 ሜጋኦም በታች መሆን አለበት። የማሰሪያ ሽቦ ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ ይበጠሳል። በበጋ የደረቀ ቆዳም በደንብ አያገናኝም፤ ያን ጊዜ ማሰሪያውን ጠበቅ ማድረግ ወይም ለዚሁ የተሠራውን ቅባት ከሥሩ መቀባት ነው።