በንቅለ ተከላ ታካሚዎች ላይ የሚታዩ የቆዳ ለውጦች፦ ዳሰሳ ከጅማ

ኩላሊት የተተከለለት ሰው ሰውነቱ አዲሱን አካል እንዳይገፋው እንደ ታክሮሊመስና ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶችን ሳያቋርጥ ይወስዳል። መድኃኒቶቹ በሽታ የመከላከል አቅምን ስለሚያዳክሙ፣ በሌላው ሰው ላይ ተራ የሚመስል ሽፍታ በእርሱ ላይ የውስጥ ሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል። በኢትዮጵያ የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው። የጅማ ታካሚ ለቀዶ ሕክምናው 350 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ቆዳው ላይ የወጣውን ግን ቀድሞ የሚያየው አብሮት የሚኖር ሰው ወይም የአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ነው።

በአፍሪካውያን ታካሚዎች ዘንድ በተለይ ሊጠረጠር የሚገባው ካፖሲ ሳርኮማ ነው፤ ከሄርፒስ ቫይረስ 8 ጋር የተያያዘ ካንሰር ነው። መጻሕፍት ቀይ ወይም ሐምራዊ ነጠብጣብ ይሉታል። በጠይም ቆዳ ላይ ግን ቡናማ ወይም ጥቁር ሆኖ ስለሚታይ የድሮ ጠባሳ ይመስላል። ስለዚህ በቀን ብርሃን ማየት፣ በጣት ዳስሶ መጠጠሩን መለየት፣ አፍ አስከፍቶ ላንቃን በባትሪ መመልከት ያስፈልጋል። እግርን ሲያሳብጥ ደግሞ፣ ዝሆኔ በሚታወቅበት በጅማ ዙሪያ፣ በቀላሉ ዝሆኔ ነው ተብሎ ይታለፋል። ብዙ ሰው ካፖሲን ከኤች አይ ቪ ጋር ብቻ ስለሚያያይዘው ታካሚው አፍሮ ሊደብቀው ይችላል፤ ይህ በጣም ያሳዝናል፣ እዚህ ላይ መንገዱን የከፈተው የሚወስደው መድኃኒት ነውና።

አልማዝ ባለጭራም ሌላ ነው። በአንድ ጎን እንደ መቀነት የሚዞረው ውኃ የቋጠረ ሽፍታ በእነዚህ ሰዎች ላይ ከመስመሩ አልፎ ወደ ሳንባና ጉበት ሊዛመት ስለሚችል በ72 ሰዓት ውስጥ ሕክምና ቢጀመር ይመረጣል። መሃላቸው ሰርጎድ ያሉ ትንንሽ እባጮች ክሪፕቶኮከስ የተባለው ፈንገስ በደም መሰራጨቱን ሊያመለክቱ ይችላሉ፤ ራስ ምታት ከታከለበት አእምሮ ላይ መድረሱ ይጠረጠራል። ሌላው የንቅለ ተከላ መድኃኒት ሳይክሎስፖሪን ድድን ያሳብጣል፣ ፕሬድኒሶሎን ፊትን ያሞላል፤ እነዚህ የመድኃኒቶቹ ጠባይ ናቸው።

ከፋርማሲ በግምት የተገዛ ቅባት የሽፍታውን መልክ ስለሚለውጥ ምርመራውን ያከብዳል። ቁርጡ የሚታወቀው ከቆዳው ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ነው። ካፖሲ ሲረጋገጥ ሐኪሞች የመድኃኒቱን መጠን ይቀንሳሉ ወይም ሲሮሊመስ በተባለ ሌላ የንቅለ ተከላ መድኃኒት ይተኩታል፤ ብዙ ጊዜም ነጠብጣቡ እየሟሸሸ ይሄዳል። ታካሚው በራሱ ፈቃድ መድኃኒቱን ካቆመ ግን ኩላሊቱን ሊያጣ ይችላል።