ዋስፕ ምንድን ነው?

ዋስፕ የአራት እንግሊዝኛ ቃላት ምኅጻረ ቃል ነው። ወደ አማርኛ ሲመለስ «የአየር ኃይል አገልግሎት ሴት አብራሪዎች» እንደማለት ነው። እንዳለ ሲነበብ ደግሞ ተርብ ማለት ነው። እኛስ ፈጠን ያለችን ልጅ «ተርብ ናት» እንል የለ? ስሙ ገጥሟል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ዘመኑ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። የአሜሪካ ፋብሪካዎች አውሮፕላን እንደ ጉድ ያመርታሉ፤ የሚያበር ሰው ግን ጠፋ። ወንዶቹ በግንባር ይፈለጋሉ። በ1942 ናንሲ ላቭና ጃክሊን ኮክራን የተባሉ ሁለት ስመ ጥር አብራሪዎች የሚመሯቸው ሁለት የሴቶች ቡድኖች ተቋቋሙ። በኦገስት 1943 ተዋሐዱና ዋስፕ ተባሉ። ከ25,000 በላይ ሴቶች አመለከቱ። 1,830 ተቀባይነት አገኙ፤ በአብዛኛው ቴክሳስ ውስጥ ስዊትዎተር በምትባል ትንሽ ከተማ ሠልጥነው የተመረቁት 1,074 ናቸው። የተሰጣቸው ቱታ ለወንድ የተሰፋ ነበር። እጅጌውን ጠቅልለው፣ ወገቡን በቀበቶ አስረው ሠለጠኑ።

ሥራቸውስ? አዲስ አውሮፕላን ከፋብሪካ ወደ ጦር ሰፈር ያደርሳሉ። የተጠገነውን ሰማይ ላይ ወጥተው ይፈትሻሉ። እኔን የሚገርመኝ ግን ዒላማ መጎተቱ ነው። አውሮፕላኑ ረጅም ጨርቅ ከኋላው ይጎትታል፤ መሬት ላይ ያሉ ጀማሪ መድፈኞች ጨርቁን ይተኩሱበታል። ጥይቱ የምር ነው። ተኳሹ ደግሞ ገና ተማሪ።

በ1944 ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። ቢ-29 የተባለው ግዙፍ ቦምብ ጣይ ሞተሩ በእሳት ይያያዝ ስለነበር ወንዶቹ ፈሩት። ኮሎኔል ፖል ቲቤትስ ዶራ ዶኸርቲንና ዶሮቲያ ጆንሰንን በጥቂት ቀናት አሠልጥኖ አበረራቸው። ባለ አራት ሞተር አውሮፕላን አብርረው የማያውቁ ሴቶች ሲያበሩት ያየ ወንድ፣ ከዚያ በኋላ «እፈራለሁ» ለማለት አፉን ያዘው። ቲቤትስ በኋላ ሂሮሺማ ላይ የአቶም ቦምብ የጣለውን አውሮፕላን ያበረረው ሰው ነው።

በሩ ግን ለሁሉም አልተከፈተም። ጃኔት ብራግ የሺካጎ ነርስ ነበረች፤ የራሷን አውሮፕላን የገዛች። ዋስፕ ለመግባት ብታመለክት ጥቁር ስለሆነች ብቻ መለሷት። ይህችን ሴት እኛ ልናውቃት ይገባል። በሺካጎ አብሯት በአንድ የበረራ ማኅበር የነበረው ጆን ሮቢንሰን ነው፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ አገራችን መጥቶ ጥቂቶቹን አውሮፕላኖቻችንን የመራው፣ በኋላም አዲስ አበባ የተቀበረው።

የዋስፕ ዋናው ችግር ግን የቅጥሩ ወረቀት ላይ ነው። ሥራው የወታደር፣ ቅጥሩ የሲቪል። ሠላሳ ስምንት ሴቶች በአገልግሎት ላይ ሞቱ። ወታደር ስላልሆኑ ሬሳ ማጓጓዣውን መንግሥት አልከፈለም፤ ቤተሰብ ይከፍላል፣ ካልሆነ ጓደኞቻቸው መዋጮ ያወጣሉ። በሬሳ ሣጥኑ ላይ ባንዲራ የማልበስ መብትም አልነበረም። በእርግጥ ሲቪል ሆነው ጦሩን ያገለገሉት እነሱ ብቻ አይደሉም። የቀይ መስቀል ሴቶችም ባሕር ተሻግረው፣ በመኪና እየዞሩ ለወታደሩ ቡናና ዶናት ያድሉ ነበር። ዋስፖች ግን ከጦሩ ጋር እንዲቀላቀሉ የቀረበው ሕግ በ1944 በምክር ቤት ወደቀ። አብራሪ ወንዶች ሥራችንን ሊወስዱብን ነው ብለው ጮኸው ነበር። ዲሴምበር 20 ቀን 1944 ዋስፕ ፈረሰ። ሴቶቹም ወደየቤታቸው በራሳቸው ወጪ ተመለሱ።

ከሠላሳ ዓመት በኋላ የአሜሪካ አየር ኃይል ሴቶችን ለመጀመሪያ ጊዜ አብራሪ አድርጎ ሊያሠለጥን ነው ተባለ። «ለመጀመሪያ ጊዜ» የሚለው ቃል አሮጊቶቹን አንገበገባቸው። ተሰባስበው ተሟገቱ፤ በ1977 የቀድሞ ሠራዊት አባልነታቸው በሕግ ታወቀ። በ2010 የኮንግረስ የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለሙ።

እንዲያም ሆኖ በ2015 ጦሩ በአርሊንግተን፣ በአሜሪካ ብሔራዊ የወታደሮች የመቃብር ስፍራ፣ የማረፍ መብት የላችሁም አላቸው። በዚያው ዓመት ያረፈችው የዋስፕ አብራሪ ኢሌን ሃርመን እዚያ ልቀበር ብላ በእጇ ጽፋ ትታ ነበር። ቤተሰቧ አመዷን ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጠው ተከራከሩ። በ2016 መብቱን የሚሰጥ ሕግ ወጣ፤ በሴፕቴምበርም በወታደራዊ ክብር ተቀበረች።