ጨው፣ የደም ስርና የደም ግፊት

ከአንድ ግራም የገበታ ጨው 0.4 ግራም ያህሉ ሶዲየም ነው፤ የደም ግፊት ነገር ሲነሳ ጣጣውም ከዚሁ ይመጣል። ኩላሊት ትርፉን ሶዲየም በሽንት አጣርቶ እስኪያስወጣ ድረስ ሰውነት ውሃ ይይዛል። በደም ስር የሚዘዋወረው ፈሳሽ ይበዛል፣ ግፊቱም ይጨምራል።

አብዛኛው የጤና ምክር እዚህ ላይ ያበቃል። ጨው ግን የደም ስሩን ግድግዳም ይጎዳል። የደም ስርን ከውስጥ የሚያለብሰው ስስ ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ያመነጫል፤ በዚህ ጋዝ የደም ቅዳው ጡንቻ ይላላል፣ ስሩም ይሰፋል። ጨው የበዛበት ምግብ ይህን ሥራ ያዳክማል፤ ግፊታቸው ከፍ ባላለ ጤነኛ ሰዎች ላይ ሳይቀር ታይቷል። እየቆየ ሲሄድ ደም ቅዳው ይደድራል፣ ልብም ደም ለመግፋት የበለጠ ይደክማል። ስለዚህ «ተለክቼ ደህና ነኝ» ማለት ጨው እንደልብ ለመብላት ፈቃድ አይሆንም።

ጨው ሁሉንም እኩል አይጎዳም። አረጋውያን፣ የኩላሊትና የስኳር ሕመምተኞች፣ የአፍሪካ ዝርያ ያላቸውም ሰዎች ግፊታቸው በጨው ቶሎ ከፍ ይላል። በ1988 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመውና በ52 ቦታዎች ከ10,000 በላይ ሰዎችን የመረመረው ኢንተርሶልት ጥናት ጨው ጨርሶ የማይቀምሱትን፣ በብራዚል የአማዞን ደን የሚኖሩትን ያኖማሚ የተባሉ ነባር ሕዝቦችንም አካቶ ነበር። አማካይ ግፊታቸው 96 በ61 ገደማ ነበር፤ ዕድሜ ሲገፋም እምብዛም አይጨምርም።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይመክራል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። የዓለም አማካይ ፍጆታ ከዚህ እጥፍ ይበልጣል።

ጨው በየት በኩል እንደሚገባ ግን ከአገር አገር ይለያያል። እንግሊዝ ውስጥ አብዛኛው በዳቦና በታሸገ ምግብ ስለሚመጣ፣ መፍትሔው ፋብሪካዎች እንዲቀንሱ ማድረግ ነበር። በኢትዮጵያ ግን ጨው የሚጨመረው በአብዛኛው በባለሙያዋ እጅ ነው። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ሚጥሚጣው ብዙ ጊዜ ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፤ ወጡ ሲሠራ ደግሞ ይደገማል። በአንዳንድ አካባቢ ቡናም በጨው ይጠጣል። «ማዕድ ላይ ጨው አትነስንሱ» የሚለው የተለመደ ምክር ለእኛ ብዙም የማይረባው ለዚህ ነው፤ መጠኑ መነጋገሪያ መሆን ያለበት በርበሬው ሲደለዝ ነው። ጨው ሲቀነስ አዮዲን እንዳይጎድል የሚሰጉ አሉ፤ በጨው ውስጥ የሚጨመረውን የአዮዲን መጠን በማስተካከል ግን ይህ ይፈታል።

በቤት ማብሰያ ጨው ላይ የተሞከረው ትልቁ ሥራ የቻይና ነው። በ600 መንደሮች ስትሮክ የያዛቸው ወይም ከ60 ዓመት በላይ ሆነው ግፊት ያለባቸው ወደ 21,000 የሚጠጉ ሰዎች ተሳተፉ። ግማሾቹ መንደሮች ሩቡ ያህል በፖታሲየም ክሎራይድ የተተካ ጨው ተጠቀሙ። በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣው ውጤት መሠረት በእነሱ ዘንድ ስትሮክ በ14 በመቶ ቀንሷል። ፖታሲየም ኩላሊት ሶዲየምን እንዲያስወግድ ያግዛል፤ የደም ስርንም ያላላል። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ግን ይኸው ጨው አደገኛ ነው፤ በደም ውስጥ የተጠራቀመ ፖታሲየም የልብን ምት ያዛባል። እንደ ስፓይሮኖላክቶን ያሉ ፖታሲየም የሚያስቀሩ መድኃኒቶችን የሚወስዱም ሐኪማቸውን ሳያማክሩ ሊጠቀሙበት አይገባም።