የሁለትዮሽ ብድር ምንድን ነው?

የሁለትዮሽ ብድር አንድ መንግሥት ለሌላ መንግሥት በቀጥታ፣ ወይም በራሱ ባንክና የልማት ተቋም በኩል የሚሰጠው ብድር ነው። የአንድ አገር የውጭ ዕዳ ከዚህ በተጨማሪ እንደ ዓለም ባንክ ካሉ የጋራ ተቋማት የተገኘውንና ከግል አበዳሪዎች በቦንድ የተሰበሰበውን ይይዛል። በአማርኛ «ብድር» ገንዘብን ብቻ ሳይሆን የተዋለ ውለታንም ይጠራል፤ መንግሥታት ሲበዳደሩ ከወለዱና ከእፎይታ ጊዜው ጋር ይህኛውም ትርጉም አብሮ ይፈረማል ብዬ አምናለሁ።

የኢትዮጵያ ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። ደርግ ከሶማሊያ ወረራ ጀምሮ ከሶቪየት ኅብረት በርካታ የጦር መሣሪያ በዱቤ ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ1991 አበዳሪውም ተበዳሪውም መንግሥት አከተሙ፤ ዕዳው ግን አብሮ አልጠፋም፤ በዓለም አቀፍ ልማድ ተበዳሪው አገሩ ነውና፣ የመጠየቅ መብቱ ለሩሲያ፣ የመክፈል ግዴታው ለአዲሱ መንግሥት ተላለፈ። ሩሲያ እ.ኤ.አ. በ1997 የፓሪስ ክለብ የተባለውን የአበዳሪ መንግሥታት ስብስብ ከተቀላቀለች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 አብዛኛውን ዕዳ ሰረዘች። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ኢትዮጵያ ከፍተኛ ዕዳ ላለባቸው ድሃ አገሮች የተዘጋጀውን የስረዛ መርሐ ግብር አጠናቀቀች።

ከዚያ በኋላ ዋናዋ የሁለትዮሽ አበዳሪ ቻይና ሆነች። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ድንበር ለተዘረጋው የባቡር መስመር ከወጪው 70 በመቶ የሚሆነውን ያበደረው የቻይና መንግሥት ንብረት የሆነው ኤክዚም ባንክ ነው። የመጀመሪያው የመክፈያ ጊዜ 10 ዓመት ነበር፤ ባቡሩ ወጪውን መመለስ ሳይጀምር ክፍያው ስለደረሰ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ 30 ዓመት እንዲራዘም ተስማሙ። እንዲህ ያለው ዕዳ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል በመሆኑ፣ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ሲደረግና ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ከ100 ብር ሲያልፍ፣ አንድ ዶላር ሳይጨመርበት በብር ሲሰላ እጅግ አበጠ።

እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ኢትዮጵያ በቡድን 20 የጋራ ማዕቀፍ፣ ማለትም ትላልቅ ኢኮኖሚ ያላቸው አገሮች ለድሃ አገሮች ዕዳ ባዘጋጁት የድርድር ሥርዓት፣ የዕዳ ሽግሽግ ጠየቀች፤ ድርድሩን የሚመራው ኮሚቴም በቻይናና በፈረንሳይ ተባባሪ ሰብሳቢነት ተቋቋመ። የማዕቀፉ ዋና ሕግ እኩል አያያዝ ነው፤ መንግሥታት የሰጡት እፎይታ የቦንድ ባለቤቶችን ኪስ መሙያ እንዳይሆን፣ እነርሱም ተመጣጣኝ ቅናሽ እንዲያደርጉ ይጠበቃል። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. በውጭ ገበያ በዶላር የሸጠችውን የዩሮ ቦንድ የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ስትቀር በይፋ ያቀረበችው ምክንያት ይኸው ሁሉንም አበዳሪ በእኩል ዓይን የማየት ግዴታ ነበር።

ከኮሚቴው ጋር ከ8.4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕዳን የሚመለከተው የመግባቢያ ሰነድ የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ2025 አጋማሽ፣ ጥያቄው ከቀረበ ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ሰነዱ ብቻውን አያስርም፤ ተግባራዊ እንዲሆን ኢትዮጵያ ከእያንዳንዱ አበዳሪ መንግሥት ጋር ለየብቻ ውል መፈራረም አለባት።