የሃውሳ ዓረፍተ ነገር አሠራር ለጀማሪዎች

ሃውሳ በሰሜን ናይጄሪያና በደቡብ ኒጀር በብዛት የሚነገር፣ ከዛም አልፎ በምዕራብ አፍሪካ የገበያ መግባቢያ የሆነ ትልቅ ቋንቋ ነው። ወገኑ ቻዲክ ነው፣ ቻዲክና ሴማዊ ደሞ ሁለቱም ከአፍሮኤስያዊ የቋንቋ ቤተሰብ ስለሚመዘዙ የአማርኛ የሩቅ ዘመድ ነው ማለት ነው። እዚህ የያዝነው በሰሜን ናይጄሪያ ያለችውን የካኖ ከተማ አነጋገር ነው፣ መደበኛው ሃውሳ የተመሠረተው በሱ ላይ ነው። የሌላዋ የሰሜን ናይጄሪያ ከተማ የሶኮቶው ትንሽ ይለያል።

እኛ ግሱን መጨረሻ ላይ እናደርጋለን፣ እነሱ መሃል ያስገቡታል። «ሙሳ ምግብ በላ» ሲሉ «ሙሳ ያ ቺ አቢንቺ» ነው የሚሉት፣ ቺ መብላት፣ አቢንቺ ምግብ። ጨዋታው ሁሉ ያለው መሃል ያለችው «ያ» ላይ ነው፣ ምክንያቱም ግሱ እንደ ባለቤቱ አይለዋወጥም፣ ማን እንደበላም መቼ እንደበላም የምትናገረው እሷ ስለሆነች የባለቤቱ ስም ቢጠራም አትቀርም። ና ቺ በላሁ፣ ካ ቺ በላህ፣ ኪን ቺ በላሽ፣ ያ ቺ በላ፣ ታ ቺ በላች፣ ሙን ቺ በላን፣ ኩን ቺ በላችሁ፣ ሱን ቺ በሉ፣ ማን እንደበላ ሳይጠራ ደሞ አን ቺ ተበላ። ካና ኪን እንደኛው አንተና አንቺን ይለያሉ፣ እንግሊዝኛ ይሄ የለውም። ያና ታ የኛን ይበላልና ትበላለች ያስታውሳሉ፣ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል፣ ለኔ ግን ዝምድና ነው የሚመስለኝ።

እየበላ ከሆነ «ያና ቺን አቢንቺ»፣ ሊበላ ከሆነ «ዛይ ቺ አቢንቺ»። ምን፣ ማን የሚል ጥያቄ ላይ ተጠንቀቁ፣ ኩን ቺ የነበረው «ሜ ኩካ ቺ?» (ምን በላችሁ?) ይሆናል።

አሉታው በሁለት «ባ» ይታጠራል፣ «ባይ ቺ አቢንቺ ባ» አልበላም፣ «ባ ዛይ ቺ አቢንቺ ባ» አይበላም (ወደፊት)። «እየበላ አይደለም» ላይ ግን የኋላዋ ትጠፋለች፣ «ባ ያ ቺን አቢንቺ»።

«ነው» ለወንድ ኔ፣ ለሴት ቼ ነው፣ «ኒ ማላሚ ኔ» አስተማሪ ነኝ። ባለቤትነት ከኛ ተገልብጦ ነው የሚመጣው፣ ጊዳን ሙሳ የሙሳ ቤት፣ ሞታር ሙሳ የሙሳ መኪና፣ ን ለወንዴ ር ለሴቴ።

ቃናም (ትርጉም የሚለይ የድምፅ ከፍና ዝቅ) አለው፣ ቡኮ በሚሉት የላቲን ጽሕፈት ላይ ግን አይጻፍም። ድምፁ ላይ የእኛ ሰው ይቀናዋል፣ ፈረንጅ የሚታገልባቸው ቅና ጽ አፋችን ላይ ያሉ ናቸው፣ አየር ወደ ውስጥ እየሳቡ የሚሏቸው ባለ ቆልማማ ቢና ዲ ግን ለኛም አዲስ ናቸው።